«የለመደኝ ሳል ነው»፦ ጉንፋን በታመመ ሳንባ ላይ ሲመጣ

በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ ክረምት ከበጋ የሚያስላቸው አንድ ሰው አይጠፉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከምድጃ ጭስ ያልራቁ እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ሲጋራ ካቆሙ ዓመታት ቢያልፉም ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አባት፣ ወይም የቲቢ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ጨርሰው ከዳኑ በኋላ ደረታቸው እንደ ድሮው ያልሆነላቸው ጎረቤት ሊሆኑም ይችላሉ። እኒህ ሰዎች ጉንፋን ይዟቸው ሳሉ ሲበረታ ልጆቻቸው «ኧረ እማዬ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ይላሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ተወኝ ልጄ፣ የለመደኝ ሳል ነው።»

የዛሬው ጽሑፋችን በዚህች መልስ ላይ ያተኩራል። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ለምን አጥብቆ እንደሚጥል፣ ከእነርሱም መካከል ይበልጥ የሚጎዱት እነማን እንደሆኑ እናያለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል። ከአደጋዎቹ ውስጥ ዕድሜን የመሳሰሉትን መለወጥ አይቻልም። የለመዱትን ሳል ከአዲሱ ሕመም ለይቶ ማወቅ ግን በማንኛውም ቤት የሚቻልና ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

ለነገሩ ማሳያ ያዮን እንውሰድ። ከበደሌ ወደ መቱ የሚጓዝ ሰው የሚያገኛት ይህች የኢሉአባቦር ወረዳ በጫካ ቡናዋ ትታወቃለች። ደኗ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ከተማ ውስጥ በመኪና ጭስ የተማረረ ሰው እዚያ ሲደርስ «ይኼንን አየር እየሳቡ የሳንባ ሕመም ከየት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ያለው ከደጅ ሳይሆን ከጓዳ ነው። ኢሉአባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናብ ሲረዝም እንጨቱ ይረጥባል፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይቀናዋል። ብርዱን ለመከላከል በርና መስኮት ይዘጋል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ቡናው ሁሉ የሚዘጋጀው በዚያው ክፍል ነው። ከእናት ጎን ሕፃን ልጅ አለ፤ ምድጃው አጠገብ የሚሞቁ አያትም አሉ።

ይህ የያዮ ብቻ ታሪክ አይደለም። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በመሳሰሉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ለያዮና ለአካባቢዋ ግን ከጓዳው ጭስ ሌላ የራሷ የሆኑ ምክንያቶችም አሉ። ቡና ከደረቀ በኋላ ሲፈለፈልና ሲበጠር የሚነሣው አቧራ አንዱ ነው። በአገራችን የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች በአቧራው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ሠራተኞች የበለጠ ሳል፣ አክታና የትንፋሽ ማጠር እንደሚያጋጥማቸው አሳይተዋል። ማር ቆራጩም ንቡን የሚያባርረው በጭስ ነው። ምድሩ የድንጋይ ከሰልም ስላለበት ከሰል በሚቆፍሩና በሚጭኑ ሠራተኞች ላይ የሚመጣው ብናኝ ሌላ ጣጣ ነው።

እንዲህ ያለ አየር ለዓመታት ሲሳብ የሚያስከትለው ሕመም በሐኪሞች አጠራር ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ፣ በምኅጻሩ ሲኦፒዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን የገደለ ሲሆን በሞት ምክንያትነት ሦስተኛውን ደረጃ ይዞ ነበር። ብዙዎች የአጫሾች በሽታ ብቻ ይመስላቸዋል። በእኛ አገር ግን አንድም ቀን ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ እናቶች ይታመሙበታል። ከእርሱ ሌላ አስም አለ። ቲቢ ከዳነ በኋላ ሳንባ ላይ የሚቀረው ጠባሳም አለ። ይኸኛው ብዙም የማይነገርለት ቢሆንም ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ በመሆኗ ጠባሳውን ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ቀላል ቁጥር የላቸውም። ብዙ ሕመምተኞች ደግሞ የሕመማቸውን ስም አያውቁትም። አንዱ «ብሮንካይት» ይለዋል፤ ሌላው «ብርድ» ነው ይላል፤ አንዳንዱም «ሳይነስ» በሚለው ስም ይጠቀልለዋል። ስሙን ያላወቀ ሰው አደጋውንም አያውቅም።

ቫይረሱ ምን ያደርጋል?

በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ የአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ተሸፍኗል። ሥራቸው አክታን ከያዘው ቆሻሻና ተሕዋስ ጋር ወደ ላይ እየገፉ ማውጣት ነው። ለዓመታት የተሳበ ጭስ እነዚህን ጠራጊዎች ያሳጥራል፤ ይገድላልም። በአንጻሩ አክታ የሚያመርቱት ዕጢዎች ይበዛሉ። ስለዚህ አክታው እየጨመረ ሳለ የሚያወጣው ይጠፋል። ቫይረስ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሲገባ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የታመመ የአየር ቧንቧ ቫይረስ ሲነካው የሚያሰማው የመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደወልም ከጤነኛው የደከመ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ሰው ጉንፋን ሲይዘው የአየር ቧንቧው ጥቂት ቢያብጥም ብዙ ትርፍ ስላለው አይታወቀውም። ቀድሞውኑ የጠበበ ቧንቧ ላይ ያንኑ ያህል እብጠት ሲጨመርበት ግን አየር ማስገባት ብቻ ሳይሆን የገባውን ማስወጣትም ይከብዳል። ለሌላው ሰው ሦስት ቀን አስነጥሶት የሚሄደው ራይኖ ቫይረስ የተባለው ተራ የጉንፋን ቫይረስ አስም ያለበትን ሰው ሆስፒታል የሚያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። በሕፃናት ላይ ከሚታዩት የአስም መባባሶች ከአምስቱ አራት ያህሉ ከቫይረስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ቫይረሱ ሊሄድ ሲል ባክቴሪያ ይተካዋል። ሕመምተኛው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ «እየተሻለኝ ነው» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ግን አክታው ይበዛል፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል፤ ትኩሳቱም ይመለሳል። ተሽሎት የነበረ ሰው እንደገና ሲብስበት ያው ጉንፋን ረዘመ ብሎ መተው አይገባም። ሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው?

ሳንባው የታመመ ሁሉ እኩል ለአደጋ አይጋለጥም። ይህንን አጥርቶ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ሲሆን፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች የሕክምና መዝገብ የተመረመረበት ነው። ከአስም ውጭ ያለ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አስም ያለባቸው ግን ለሁለት ተከፈሉ። በቅርብ ጊዜ የስቴሮይድ እንክብል እስከ መውሰድ ያደረሳቸው፣ ማለትም አስማቸው ያልተገራላቸው፣ አደጋው ጨምሮባቸዋል። አስማቸው በመድኃኒት ተይዞ የቆየላቸው ግን አስም ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ልዩነት አልታየባቸውም። ይህ ለብዙዎች የምሥራች ነው። አስም አለብኝ ብሎ መፍራት ብቻውን አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው አስሙን መግራት ነው።

በዚያው ጥናት ከሁሉ ገዝፎ የታየው ዕድሜ ነው። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት አደጋቸው ከ20 እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ በቤትዎ ያሉት አያት ሳንባቸው ታሞ ዕድሜያቸውም ገፍቶ ከሆነ ሁለቱ አደጋዎች ተደርበዋል ማለት ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ኤችአይቪ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ካናዳ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በያዛቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያው ሳምንት የልብ ድካም አደጋ፣ ማለትም የልብ ደም ሥር በድንገት የመዘጋት አደጋ፣ ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። «ጉንፋን ነው» ብሎ የተኛ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው ነገሩን ሳል አመጣው ብሎ ማለፍ እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር እንበል። ውፍረት በኮቪድ ጊዜ ብዙ ተወርቶበታል። በገጠሩ ኢትዮጵያ ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መክሳት ነው። ለመተንፈስ ብቻ ብዙ ጉልበት የሚያወጣ ሰው ሥጋው ይሟሽሻል፤ የመተንፈሻ ጡንቻውም አብሮ ይደክማል። ጉንፋን ይዞት ምግብ ሲያስጠላው ከዚያችው ከቀረችው ላይ ይቀነሳል። ልብሳቸው እየሰፋባቸው የመጡ አባት ካሉ ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ይረዳል። እንቁላል፣ ሽሮና ወተት ለጉልበት ጥሩ ናቸው።

ሌላው ትልቅ ምልክት ያለፈው ዓመት ታሪክ ነው። በሚቀጥለው ጉንፋን ማን ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት ሐኪሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ተባብሶብዎት ነበር?» ብለው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ተባብሶበት የነበረ ወይም አንድ ጊዜም ቢሆን ሆስፒታል የተኛ ሰው ዘንድሮም የመድገም ዕድሉ ሰፊ ነው። ያዮ ላይ ያለ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቀበሌው ውስጥ ዓምና በትንፋሽ ችግር ወደ መቱ የተላኩትን ሰዎች ስም ቢይዝ፣ ዘንድሮ ቀድሞ ሊጎበኘው የሚገባውን ቤት አወቀ ማለት ነው።

ጭስ፣ አዝመራና ኅዳር

በያዮ አካባቢ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለሳንባ ሕመምተኛ ወቅቱ ከባድ ነው። ለቀማው ሰው ከየቦታው ይሰበስባል፤ ለቃሚዎች በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፤ ሲመሽ እሳት ይነድዳል። ትምህርት ቤትም ተከፍቶ ልጆች ጉንፋን ወደ ቤት የሚያመጡበት ጊዜ ነው። ቫይረስ፣ ጭስና መጨናነቅ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ።

ኅዳር ሲነሣ ኅዳር ሲታጠንም ይነሣል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ «የኅዳር በሽታ» የሚለውን ስም ያገኘውም ያኔ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከዚያ መዓት ጋር ተያይዞ የቀረ ልማድ ነው። አካባቢን ማጽዳቱ የሚደገፍ ነው። ያንን መዓት ያመጣው ግን ቫይረስ ነበር፤ ቫይረስ ደግሞ በጭስ አይሸሽም። በጭስ የሚጎዳው በአቅራቢያው ያለው አስም ያለበት ልጅና ሳንባቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። በተለይ ፕላስቲክና ላስቲክ አብሮ ሲቃጠል። ቆሻሻውን ጠርጎ መቅበር ወይም ለሚያነሣው ማስረከብ ልማዱን አያፈርስም፤ ማቃጠል ግድ ከሆነም ሕመምተኛው በዚያ ቀን ከጭሱ ራቅ ብሎ ይዋል።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ጉንፋን የያዘውን ሰው ባሕር ዛፍ አጭሶ ማጠን ወይም በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ማፈን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ለጤነኛ አፍንጫ ያፍታታ ይሆናል። አስም ላለበት ሰው ግን የአየር ቧንቧውን በድንገት ሊያጠብበት ይችላል፤ የሚፈላ ውኃው የሚያስከትለውን ቃጠሎም መርሳት አይገባም። ዝንጅብልና ማር በሻይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትኩስ ሾርባ ጉሮሮ ስለሚያለሰልሱና ፈሳሽም ስለሚሰጡ ቢወሰዱ አይከፋም። ቡና ሲፈላ ዕጣንና ሰንደል ካልጨሰ ደስ የማይለው ብዙ ነው። ቢያንስ ሕመምተኛው የታመመበት ሳምንት ዕጣኑ ቢቀር እንግዳ የሚቀየም አይመስለኝም።

የጓዳው ጭስ በአንድ ቀን አይጠፋም። እንጨቱን ከዝናብ በፊት ማድረቅ፣ እሳቱን ደጅ ወይም ከፊሉ ክፍት በሆነ ማድ ቤት ማንደድ፣ ጭስ የሚቀንስ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም፣ ሳል ያለበትን ሰው ከምድጃው አጠገብ ማንሣት በየደረጃው ይረዳል። እንጀራ የሚጋግሩት እናት ራሳቸው ታማሚዋ ከሆኑ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ልጅ ወይም ምራት ምድጃውን ቢረከቧቸው ጥሩ ነው። ወንዶች ልጆችም ቢረከቡ ማንም አይከለክላቸውም።

በፓፍ ላይ የሚሠሩ ስሕተቶች

በመድኃኒት በኩል በተደጋጋሚ የሚታየው ነገር አስም ያለበት ሰው ሰማያዊውን ፓፍ፣ ማለትም ሳልቡታሞልን፣ ብቻ ይዞ መኖሩ ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል፤ በውስጡ ያለውን እብጠት ግን አያክምም። እብጠቱን የሚያክመው በየዕለቱ የሚሳበው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ፓፍ ነው። እርሱን የወሰደ ሰው ወዲያው እፎይ ስለማይል ብዙዎች «አይሠራም» ብለው ያቆሙታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ መታከምን አይመክርም። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ቆርቆሮ የሚጨርስ ሰው ለከባድ መባባስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እርስዎ ስንት እንደጨረሱ ቆጥረው ያውቃሉ?

ጉንፋን ሲመጣ በየዕለቱ የሚሳበውን ፓፍ ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው። «ስቴሮይድ መከላከያ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለው የሚያቆሙ አሉ። በአፍ የሚሳበው መጠኑ ጥቂት ነው፤ ማቆሙ የሚያመጣው ጉዳት ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪሟ ሳያውቅ ማቆም የለባትም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ እየተገዛ የሚዋጠው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለጥቂት ቀናት በሐኪም ሲታዘዝ ሕይወት ያድናል። ለወራት እንደ ማስታገሻ ሲወሰድ ስኳር ያስነሣል፤ አጥንት ያሳሳል፤ ሰውነት ቫይረስንና ቲቢን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። እንዲህ ሲወስድ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆምም አይገባውም፤ ለሐኪም ነግሮ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ከሌላ ሰው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ሁለት ቀን ውጦ መተው ደግሞ እውነተኛው ሳንባ ምች ሲመጣ መድኃኒቱን ዋጋ ያሳጣዋል።

የአንድ ሳልቡታሞል ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ 200 ፓፍ ይይዛል። ውኃ ላይ አንሳፍፎ ማለቁን ማወቅ አይቻልም። ሲነቀነቅ የሚሰማውም ድምፅ መድኃኒቱ ሳያልቅ አልቀረም ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚነፋው ጋዝ ይቀራል። የተጀመረበትን ቀን በቆርቆሮው ላይ ጽፎ መቁጠር ነው። ገጠር ላይ መድኃኒት ያለቀበት ቀን ገበያ ቀን ላይሆን ይችላል፤ መንገዱም ጭቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳያልቅ ሁለተኛውን መያዝ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደብተሩ መታደሱን ከክረምቱ በፊት ቢያይ አይጎዳም።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ደግሞ አለ። ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ማስተላለፊያ የሚባለው ዕቃ ይህን ያስተካክላል፤ በየቦታው ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሠርቶ የታተመ ጥናት የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በአግባቡ ሲዘጋጅ በልጆች ላይ ከሚገዛው ያላነሰ እንደሚሠራ አሳይቷል። በጠርሙሱ ቂጥ የፓፉ አፍ ጥብቅ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጃል፤ ሕመምተኛው የጠርሙሱን አንገት በከንፈሩ ገጥሞ ይይዛል። አንድ ፓፍ ይነፋና አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይቀጥላል። ጠርሙሱ አዲስ ሲሆን በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል በአየር መድረቅ አለበት። አዘገጃጀቱን በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች ቢያሳይዎት ይሻላል።

የለመደውን መጻፍ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። «የለመደኝ ሳል» የሚሉ ሰው የለመዱት ምን እንደሆነ ቢጠየቁ በትክክል የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ ጸጥ ባለበት አንድ ቀን ልጅ እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥ። እማማ ሳያርፉ ምን ያህል ይራመዳሉ? እስከ ምንጩ ወይስ እስከ አጥሩ? ሌሊት በስንት ትራስ ይተኛሉ? አክታው በቀን ምን ያህል ነው፤ ቀለሙስ? ሳልቡታሞሉን በሳምንት ስንት ጊዜ ይነፋሉ? በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳሉ? በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካለ ወይም በጤና ጣቢያ ከተለካ ቁጥሩ ስንት ነው? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ይሰፍራል፤ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ጉንፋን ሲመጣ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው።

ወረቀቱ ላይ ካለው የወጣ ነገር ሲታይ፣ ለምሳሌ አክታው ሲበዛና ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ሳልቡታሞሉ በፊት ከነበረው እጥፍ ሲያስፈልግ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መታየት ይገባል። ጊዜ የማይሰጡት ግን ሌሎች ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ መቁረጥ፣ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ከንፈርና ጥፍር መጥቆር ወይም ሰማያዊ መምሰል፣ ሲተነፍሱ ጎንና አንገት ወደ ውስጥ መሳብ፣ መዘባረቅ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሳልቡታሞል ተነፍቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ማስፈለጉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ጉዞ መጀመር አለበት። በተለይ «ትንሽ ተረጋጋ፤ ተኛ» ተብሎ የሚወራለት ሰው ያሳስባል። ሲያቃስት የነበረ ሰው ሳይሻለው በድንገት ዝም ማለቱ ድካም እንጂ እረፍት ላይሆን ይችላል።

ከያዮ ቀበሌዎች ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል የሚደረገው ጉዞ እንደ መንገዱና እንደ ዝናቡ ነው። ስለዚህ ማን መኪና እንዳለው፣ የአምቡላንሱ ስልክ የማን ዘንድ እንዳለ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሕመም ሳይመጣ መነጋገር ያስፈልጋል። እድሩ ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል ለአምቡላንስም ቢሰበሰብ ክፉ አይደለም። ሲሄዱ መድኃኒቱን ሁሉ በከረጢት፣ ወረቀቱንም አብረው ይያዙ። አስም ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሳለ ሳልቡታሞሉን በማስተላለፊያው ሐኪሙ ባዘዘው መጠን መንፋት ይችላል፤ ጉዞው ግን በዚህ ምክንያት መቆም የለበትም።

ስለ ክትባትም እንጠቅሳለን። ኮቪድ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተከተቡ ሰዎች ተጨማሪ መጠን ያስፈልጋቸው እንደሆነ በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባትን ይመክራል፤ የሚያገኙ ከሆነ ወቅቱ ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ቢወስዱ ነው የሚሠራላቸው። የሳንባ ምች መከላከያው ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጅን ማስከተብ አያትንም በተዘዋዋሪ ይጠብቃል።

ከጉንፋን መራቅ ደግሞ በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ታማሚ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ግዴታችን ነው። ሳንባቸው የታመመ አያት ያሉበት ቤት የሚገባ ሰው ግን አፍንጫው እየፈሰሰ ከሆነ ከደጅ ሰላምታ ሰጥቶ ቢመለስ ፍቅሩ አይቀነስም። እጅ ታጥቦ መግባት፣ ሕመምተኛውና ጉንፋን የያዘው ልጅ በተለያየ ቦታ መተኛት፣ ሰው ሲበዛ ማስክ ማድረግና መስኮት መክፈት ከኮቪድ ዘመን ተምረን የተውናቸው ነገሮች ናቸው።

ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ አንድ ነገር ይናገሩ። ሕመምተኛው ሲኦፒዲ እንዳለበት ወይም ለዓመታት በጭስ ውስጥ እንደኖረ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ይንገሩ። ለእነዚህ ሰዎች ኦክስጅን የሚሰጠው ተለክቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 92 በመቶ ባለው መካከል እንዲቆይ ይደረጋል፤ ከመጠን ሲያልፍ ሊያደነዝዛቸው ይችላል። ስለዚህ የኦክስጅኑ መክፈቻ «ትንሽ ይጨመርላቸው» ተብሎ በአስታማሚ እጅ የሚዞር አይደለም።

ከሆስፒታል ሲወጡም ነገሩ አላለቀም። ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከአራት መባባሶች በአንዱ ትንፋሹ በ35 ቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በእነዚያ ሳምንታት ሁለተኛ ጉንፋን ከመጣ የሚያገኘው ገና ያላገገመ ሳንባን ነው። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ከቡና መፈልፈያውና ከጭሱ ይራቁ፤ ቀስ እያሉ በግቢ ውስጥ ይራመዱ። በአንድ ወር ውስጥ ለክትትል ይመለሱ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ አክታው ለቲቢ እንዲመረመር ይጠይቁ፤ ዱሮ ታክመው የዳኑም ቢሆን። የግድግዳውንም ወረቀት ያን ጊዜ አውርደው ቁጥሮቹን እንደገና ይጻፉ፤ ከዚህ ሕመም በኋላ የለመዱት ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላልና።